ጋሽ ቆይ ያልዘጉት ስክሪን

የጋሽ ቆይን ትክክለኛ ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ዋናው ኃላፊ፣ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚላቸው። ሰው ኪቦርድ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ካዩ፣ ገና ምን ሊጽፍ እንደሆነ ሳያውቁ «ቆይ» ይላሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ቀስ ብለው ይነሱና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተጻፈውን አንብበው ሲያበቁ «አሁን ተጫነው» ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ የወንዞችን ሙላት የሚያሰላ ነው፤ ይህን ያህል ዝናብ ከዘነበ ውሃው የት ድረስ ይወጣል እያለ ለድልድይ ሠሪውም ለገበሬውም አስቀድሞ የሚናገር። አንዱ ስሌት ብቻ ቀናት ይፈጃል፤ በአንድ የተሳሳተ ቁልፍ ደግሞ እንዳልነበር ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቆይ የሚል ሰው ከወርቅ ይበልጣል።

ችኩሌ የእሳቸው ተቃራኒ ነበረች። ስሙንም ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። ገና በተቀጠረች ሰሞን፣ እየሠራ ያለ ስሌት የተበላሸ መስሏት ዘጋችውና የአንድ ክፍል ሙሉ ልፋት ገደል ገባ። ሰው ሁሉ ሲንጫጫባት ጋሽ ቆይ አልተቆጧትም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አሏት። «በይ ልቀሚ፣ እኔም አግዝሻለሁ።» አጠገቧ ተቀምጠው፣ ሥራው ተመልሶ እስኪቃና ድረስ አብረዋት ለቀሙ። ስሙ በዚያው ጸና፤ እሷም ሳትጠላው ቀረች። ዛሬ የማሽን ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት፣ ጸጉሯም መሸበት ጀምሯል፤ ግን በሌላ ስም የሚጠራት የለም።

መጀመሪያ ያስተማሯት፣ ሰው ከማሽን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ነው። ብዙ ሰው ሎግ አውት ብሎ ኮቱን አንሥቶ ይሄዳል እንጂ ከኋላው ምን እንደተወ አያስብም። ባለቤቱ ሲወጣ፣ እሱ ከከፈተው መስኮት የተወለዱ ፕሮግራሞች ሁሉ «ሰውዬው ሄዷል» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱን የሰማ ፕሮግራም ሥራውን ባለበት ጥሎ ይሞታል፤ ስሌቱ ገና ግማሽ ይሁን ሊያልቅ ትንሽ የቀረው አይጠይቅም። እሱ ቤቱ ገብቶ ተኝቶ ሳለ ሥራው እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ግን፣ አስቀድሞ ፕሮግራሙን ከመስኮቱ ነጥሎ ወደ ጀርባ ይልከዋል፤ ያን መርዶ እንዳይሰማም ጆሮውን ይደፍንለታል። ያኔ ባለቤቱ ቢወጣ፣ መስኮቱም ቢዘጋ፣ ፕሮግራሙ ወላጅ አልባ ይሆናል እንጂ አይሞትም።

«ወላጅ አልባውንስ ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር ያን ጊዜ።

«ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚነሣ አንድ ፕሮግራም አለ። የሁሉ አንጋፋ እሱ ነው። ወላጅ የሞተበትን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሥራውን እስኪጨርስ ያኖረዋል፣ ሲሞትም ይቀብረዋል።» ትንሽ አሰብ አደረጉና «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደግ አይገኝም» ብለው ሳቁ።

የሳቁት ስለሚያውቁት ነው። ሚስታቸው የሞተችው ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል ነበር። ሌላ አላገቡም። ልጅቱን ጸጉሯን ራሳቸው እያበጠሩ፣ ቀሚሷን ራሳቸው እያጠቡ፣ የቤት ሥራዋን ማሽን ክፍል ድረስ አምጥተው እያሠሩ አሳደጓት። አሁን መነጽር ቤት ተቀጥራለች፤ የሰው ዓይን እየለካች መስታወት ትሞርዳለች። የእናቷ ፎቶ ሞልቷት ነበር፤ መልኳን ከራሷ መልክ ለይታ ታውቀዋለች። ድምፅዋን ግን አታስታውሰውም።

ድምፅዋ ያለው አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ በወጣትነታቸው፣ አንድ ጓደኛቸው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ቤታቸው ሰው ጠርተው ነበር፤ ያን ዕለት አንዱ ቴፕ መቅጃ ከፍቶ ረሳው። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ያወራሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ይወርድበታል። ካሴቱ ደግሞ ኋላ እርጥበት ገብቶት፣ የሰዎቹ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ጋሽ ቆይ ለልጃቸው አሰምተዋት አያውቁም። አሰሙኝ ባለች ቁጥር «ቆይ፣ ይጥራና» ነው መልሳቸው። ይጥራና እያሉ ልጅቱ አደገች።

ጡረታቸው ሲቃረብ ነገሩን ቆርጠው ተነሡ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ማሽን ክፍሉ ጥግ ላይ ማንም የማይፈልጋት አንዲት አሮጌ ማሽን ነበረች፤ ኃላፊውን አስፈቅደው እሷ ላይ ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ድምፁን በትንንሹ ይቆርጥና አንዱን ቁራጭ ያሰማቸዋል፣ ከዚያም ይጠይቃቸዋል። እሳቸው የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና «እሷ» ወይም «አይደለችም» ብለው ይመልሳሉ። በመልሳቸው እየተማረ ዝናቡን ከድምፅዋ፣ የሌሎቹን ሴቶች ድምፅ ደግሞ ከእሷ ይለያል። የምሳ ሰዓታቸው ሁሉ ለዚህ ዋለ። ችኩሌ ከምሳ ስትመለስ አንዳንድ ቀን ጉንጫቸው ርሶ ታገኛቸዋለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብቻቸውን ሲስቁ።

«ምን አለች?» ትላቸዋለች።

«ምን ትላለች፣ እኔኑ ታማለች።»

ታዲያ ለሰው ሁሉ ቆይ የሚሉት ሰውዬ ለራሳቸው አልቆዩም። ይህን ፕሮግራም ያስነሡት እስቲ ልሞክረው ብለው ነው፤ ከተራ መስኮት፣ ሳይነጥሉት፣ ወደ ጀርባም ሳይልኩት። መልሳቸውንም በየጊዜው ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አላደረጉትም፤ ሲያልቅ አንዴ ይጻፋል ብለው በማሽኗ ሜሞሪ ውስጥ ተዉት። ሜሞሪ ደግሞ ፕሮግራሙ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ነገር ነው። ሙከራው ሲያምርላቸው እንደገና ለመጀመር አንጀታቸው እምቢ አለ። ያን ሁሉ «እሷ»፣ ያን ሁሉ «አይደለችም» ከየት አምጥተው ይድገሙት? ስለዚህ ከዚያች ማሽን መውጣት ተዉ። ስክሪኑ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፉና የጽዳቷን ሠራተኛ ሳይቀር ለመኗት።

ጥያቄው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ብቻውን ወደ መጨረሻው ስሌት ገባ። ማሽኗ አሮጌ ናት፤ ብዙ ሳምንት ሊወስድባት ነው። በዚያው ሰሞን ጋሽ ቆይ ለሆዳቸው ቀላል ቀዶ ጥገና ሐኪም ቤት ሊገቡ ሆነ። ሊሄዱ ሲሉ ችኩሌን ጠሯትና ስክሪኑን በአገጫቸው አሳዩዋት።

«አደራ ችኩሌ። ሲያልቅ ከልጄ ጋር ሦስታችን እንሰማዋለን።»

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው ጋሼ። እርስዎ ብቻ ድነው ይምጡ።»

ከቀላሉ ቀዶ ጥገና አልተመለሱም።

ሰው ለቅሶውን ጨርሶ ወደየጠረጴዛው ሲመለስ ደንብም አብሮ ተመለሰ። ደንቡ የሞተ ሠራተኛ አካውንት ክፍት እንዳይቆይ ያዛል። ዋናው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩሌን አስጠርቶ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ ነው የነገራት።

«ለእኔም ከብዶኛል» አላት። «ግን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። የሞተ ሰው እንዴት ገብቶ ይሠራል ሲሉኝ ምን ብዬ ላስረዳቸው?»

«ሥራው ሳይቋረጥ ላስወጣቸው እችላለሁ።»

«ይቻላል እንዴ?»

«ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አለች።

እውነቷን ነው። አስቀድሞ ያልተነጠለ ፕሮግራምም ቢሆን፣ እየሠራ ሳለ ለአፍታ ገታ አድርጎ ወደ ጀርባ መላክ፣ ከዚያም ከመስኮቱ ጋር ያለውን ዝምድና ማፋቅ ይቻላል። አጫጭር ትእዛዞች ናቸው። ችኩሌ ስንቱን የተረሳ ስሌት እንዲህ አድርጋ አትርፋለች፤ እጇ በራሱ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ብቻዋን ልታደርገው አልፈለገችም። እሳቸው ከማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጡ ልጃቸው ብትኖር ጥሩ ነው አለች በልቧ፤ ደወለችላት።

ልጅቱ በምሳ ሰዓት መጣች። ጥቁር ልብሷ ላይ የሥራ ጋወኗን እንደደረበች ነው፤ ከደረት ኪሷ የመነጽር ብሎን የሚፈታ ትንሽ መፍቻ ብቅ ብሏል። አባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። የእጅ ጽሑፋቸውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አሁን አባዬን ልታስወጪው ነው?»

«እሳቸው ይወጣሉ፣ ሥራቸው ግን ይቀጥላል» አለቻትና፣ ድሮ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ መርዶው፣ ስለሚደፈነው ጆሮ፣ ወላጅ አልባውን ስለሚሰበስበው አንጋፋ።

«ከእኔ ይሻላል በይኛ» አለች ልጅቱ፣ ለቀልድ ያህል። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ልጅቱ ፈገግ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበርና ችኩሌ ደስ አላት። ደስታው ነው ያሳሳታት ቢባል ውሸት አይሆንም።

ፕሮግራሙን ገታችው፣ ወደ ጀርባ ላከችው፣ ዝምድናውንም ፋቀችው። ማሽኗም ሁሉንም እንደ ሁልጊዜው ተቀበለች። የቀረው ሎግ አውት ብቻ ነው።

«ይህቺን አንቺ ተጫኚያት» አለቻት። «አባትሽን አንቺ ብትሸኚያቸው ይሻላል።»

ልጅቱ እጇን በጋወኗ ጠረገችና ተጫነችው። የጋሽ ቆይ ስም ከስክሪኑ ላይ ጠፋ፤ ባዶ የመግቢያ ሣጥን ብቻ ቀረ። ያ ሣጥን በጣም ባዶ ነበር። ልጅቱ ወደዚያው እያየች ቀረች፤ ችኩሌ ደግሞ ፕሮግራሙ መቀጠሉን በራሷ አካውንት ለማየት ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

የለም። የዘለለች መስሏት ከላይ ጀምራ እንደገና ፈለገች፤ የለም። አንጋፋው ከሰበሰባቸው መካከል ፈለገች፤ የለም። ያኔ ትዝ አላት።

ሰዎች ከጀርባ እየተዉት የሚሄዱት ትርፍራፊ ማሽኖቹን ሲያንቃቸው፣ አንድ ደንብ ያወጣችው እሷ ራሷ ናት። ማሽኖቹ የሚሠሩበት አዲሱ ስርዓት ይህን ይፈቅዳል፤ ተጠቃሚ ሲወጣ የተወውን ሁሉ ጥረግ ይባላል። ጆሮው የተደፈነውንም፣ ዝምድናው የተፋቀውንም፣ ወላጅ ያለውንም የሌለውንም። አንጋፋው ሳይደርስለት በፊት መጥረጊያው ይደርሳል። የግድ መቆየት ያለበት ሥራ በሌላ በር ተመዝግቦ መግባት አለበት። ይህን ደንብ በአንድ ትእዛዝ በክፍሉ ላሉት ማሽኖች በሙሉ የላከችው ጋሽ ቆይ ሐኪም ቤት በገቡ ማግሥት ነበር። ጥግ ላይ ያለችው አሮጌም ማሽን መሆኗ ትዝ አላላትም። በዚያ ቀን ከኋላዋ ተነሥቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቆይ የሚላት ሰው አልነበረም።

ልጅቱን ተጫኚ ከማለቷ በፊት ደንቡን ማየት ትችል ነበር። የፕሮግራሙን ሜሞሪ እንዳለ ገልብጦ ዲስክ ላይ ማስቀመጥም ይቻል ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች። ምነው እጄን በቆረጠው፣ አለች በልቧ። የፈሰሰውን መልቀም እንኳ የሚያስተዛዝን ነገር ነው፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም።

«ቀጠለ?» አለች ልጅቱ ከጥጉ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ችኩሌ ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ ቀጠለ ትላታለች፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ማሽኗ አሮጌ ነበረችና ተቃጠለች ትላታለች። ማን ያውቅባታል? የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውም ሞተዋል። ያ የመጨረሻው ሐሳብ ነው ያሳፈራት። ሄዳ ከልጅቱ ጎን በርከክ አለች።

«አልቀጠለም። ጠፍቷል። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።» ስለ ደንቡ፣ እንዴት እንደላከችውና እንዴት እንደረሳችው ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

ልጅቱ አመልካች ጣቷን አየችው። «የተጫንኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ጣትሽ ምንም አላጠፋም። ተጫኚ ያልኩሽ እኔ፣ መጥረጊያውንም ያስቀመጥኩት እኔ።»

«ካሴቱ አለ አይደል? እንደገና ይጀመራ። እኔ እጠብቃለሁ፣ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

«ካሴቱ አለ። ፕሮግራሙም አለ።» አለች ችኩሌ። «ግን ይጠይቃል። አንድ በአንድ እያሰማ እሷ ናት ወይ ይላል። ማን ይመልስለታል?»

ልጅቱ ይህ ሲገባት ፊቷ ላይ ታየ። እናቷን ያሳደገቻት አክስት ከሞተች ቆይታለች። በዚያ ቤት የነበሩት ጓደኞች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ቢገኙስ የሰው ሚስት ድምፅ ይህን ያህል ዘመን ጆሮው ውስጥ የሚያኖር ማን አለ? አንድ ሰው ነበር። የጠፋው ካሴቱ አልነበረም፣ የጠፋው ያ ጆሮ ነው፤ ጋሽ ቆይ በሞቱ ጊዜ ያልሞተ ትራፊ ነበራቸው፣ እሱንም አሁን ሁለቱ ሴቶች ጠረጉት።

«ይቅርታ እንዳልልሽ» ስትል ጀመረች ችኩሌ።

«አትበዪኝ» አለች ልጅቱ በቀስታ። «ዛሬ ይቅር ማለት አልችልም። ነገ አላውቅም።» ከዚያ የአባቷን የጆሮ ማዳመጫ ከመንጠቆው አነሣች። «ስጪኝ ልስማው። ሳይጠራ።»

ችኩሌ በራሷ አካውንት ገብታ፣ ማዳመጫውን ነቅላ ድምፁን በስፒከር ከፈተችው፤ ብቻዋን እንድትሰማው አልፈለገችም። መጀመሪያ ዝናብ ብቻ ነበር። ከዝናቡ ስር ሴቶች ያወራሉ፣ ሰሃን ይንኳኳል፣ አንዷ ትስላለች፣ አንዷ ከልቧ ትስቃለች። ልጅቱ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ «ይቺ ትሆን?» ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ወይስ ይቺ?» መነጽር ቤት ቀኑን ሙሉ ለሰው የምትለውን ነበር የምትለው፤ የቱ ይጠራል፣ ይሄኛው ወይስ ያኛው? እዚያ ሰው ይመልስላታል። እዚህ ችኩሌ «አላውቅም» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች።

ካሴቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ወንድ ከቴፑ አጠገብ ተናገረ። ድምፁ ወጣት ነው፣ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ያን ድምፅ ዝናብም እርጥበትም አይሰውረውም።

«ሆዴ» ብሎ ጠራ ጋሽ ቆይ።

ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፣ አንዲት ሴት «ወዬ» አለች።

«ቆይ፣ ይሄ ቴፕ እየቀዳ ነው እንዴ?» አለ ድምፁ፤ ከዚያ ዝናቡ በረታና ሁሉንም ዋጠው።

ችኩሌ ካሴቱ ሲያልቅ ለመዝጋት እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አለቻት ልጅቱ። እጇ በአየር ላይ ቀረ። «ሆዴ ሲላት ሌላ ሴት ወዬ አትልም፣ አይደል?»

«አትልም። እሷ ናት።» ችኩሌ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ሙያዋ ግን አልተዋትም፤ አንዲት ቃል ለመነሻ ትሆን እንደሆን በልቧ አሰላችው፣ አልሆነም። «ለፕሮግራሙ ግን አይበቃውም። ከአንዲት ቃል ምንም ሊማር አይችልም።»

«ስለ ፕሮግራሙ ማን አወራ» አለች ልጅቱ።

ወደ ኋላ መለሰችው፣ ሰማችው። እንደገና መለሰችው። ከስንት መመላለስ በኋላ ቦታውን ለየችው፤ አንዷ ስትስል፣ ሰሃን ሲንኳኳ፣ ከዚያ አባቷ ሊጠራ አየር ሲስብ። የምሳ ሰዓት አልቆ ሠራተኞቹ መመለስ ጀመሩ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ልጅቱን አይተው እዚያው ቆሙ። እሷ አላየቻቸውም። ሰሃኑ ተንኳኳ። የአባቷን ድምፅ ዝቅ አደረገችና፣ እሱ ሊጠራበት በነበረው ቅጽበት፣ እንደ ሕፃን በቀጭኑ፣ በሕይወቷ ለማንም ብላው የማታውቀውን ቃል አለች።

«እማዬ።»

ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ወዬ» አለቻት እናቷ።